ቤቴ ዳገት ላይ ነው

ቦሌ ላይ ፍተሻውን ካለፍኩ በኋላ የገዛሁትን ሃይላንድ ግማሹን ጠጥቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። ጅቡቲ ወርጄ ቦርሳዬን ስከፍት ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡ ተጨምድዶ አገኘሁት። የተቀመጠበት ሰው አልነበረም። ውስጡ የቀረው የአዲስ አበባ አየር ነው። የእኛ አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ጠረፍ ሲደርስ የታችኛው አገር ወፍራም አየር ከውጭ ጨምቆ ቦታ አሳጣው።

በመጣሁ ቁጥር ይህንኑ አያለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ጠርሙሱን እያገላበጥኩ እቆያለሁ። መጥለቅ የተማርኩት ከመጽሐፍም ከአስተማሪም ነው፤ ነገሩ የገባኝ ግን ከዚህ ጠርሙስ ነው። ከባሕሩ ፊት 10 ሜትር ዝቅ ሲባል ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ አየሩም ግማሽ። 20 ሜትር ላይ ሲሶ፣ 30 ሜትር ላይ ሩብ። ጆሮም፣ ሳንባም፣ ፊት ላይ የታሰረው ማስክም ያው ጠርሙስ ናቸው። አፍንጫውን ይዞ ቀስ እያለ እየነፋ ጆሮውን ሳይሞላ የሚወርድ ሰው ገና ሦስት ሜትር ሳይደርስ ጆሮው በወስፌ የተወጋ ይመስለዋል።

ይህን የምጽፈው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው የጎንደር ሴት ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከውሃ ወጥቻለሁ። አውሮፕላኔ ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። በመካከሉ ያለው ቀን የእኔ አይደለም፣ የናይትሮጅን ነው። ጠላቂ አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቆ ከሆነ 12 ሰዓት፣ ቀናት ሙሉ ሲጠልቅ ከሰነበተ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር ይመከራል። ጥንቁቆቹ 24 ያደርጉታል፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ምክንያቱ የአውሮፕላኑ ሆድ ነው። ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ተራራ ላይ እንደመቆም ሊሆን ይችላል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ነው።

ለሌላው አገር ጠላቂ አደጋው በረራው ነው፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያልፋል። ለእኔ ማረፉ ምንም አይለውጥም። ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ጀርባ ያለው ቤቴ ራሱ አየር ላይ እንዳለ አውሮፕላን ነው። ሳሎኔ ውስጥ ቡና ስጠጣ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ለኪዳን ስነሳ፣ ሁልጊዜ በራሪ ነኝ። በባቡር ብሄድም ያው ነው፤ ከጅቡቲው ነጋድ ጣቢያ ተነስቶ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ አዳማን እያለ የሚወጣው ሐዲድ በአብዛኛው ዳገት ነው። ጠላቂዎች ከ300 ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ ‹ከፍታ› ብለው ለብቻው ስሌት ያወጡለታል። የመጀመሪያው አስተማሪዬ የት እንደምኖር ሲሰማ መዝገቤ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ የከተማዬን ስም አሰመረበት።

አምቦ ውሃ ሲከፈት ማየት ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ አንድም አረፋ አይታይም፤ ጋዙ ግን አለ፣ በግፊት ውሃው ውስጥ ተደብቋል። ክዳኑ በአንድ ጊዜ ከተፈታ ገንፍሎ ጠረጴዛ ያረጥባል። ቀስ ተብሎ ከተፈታ ፍስስ ብሎ ይወጣና ዝም ይላል። ከጥልቅ የሚመለስ ሰው ደምና ሥጋ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅንም እንዲሁ ነው። ፈጥኖ የወጣ ሰው ክዳኑ በአንድ ጊዜ የተከፈተ አምቦ ነው፤ አረፋው ጉልበቱንና ትከሻውን ይይዘዋል፣ ሲብስም ሰረሰሩን። ይህን በሥርዓት ያጠናው ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ሥራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የሙከራ እንስሶቹ ፍየሎች ነበሩ። ግፊት ካለበት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ያወጣቸውና የታመመችውን ይለያል፤ የታመመችው ፍየል የፊት እግሯን አጥፋ ታነሳለች። ዛሬ እጄ ላይ የታሰረው ኮምፒውተር የሚያሰላው ስሌት ዘሩ ከነዚያ ፍየሎች ይመዘዛል።

ዛሬ ጠዋት ከጀልባ ስንወርድ ስልኬ ላይ የጠላቂነት ካርዴ ገባ። ማስተር ስኩባ ዳይቨር ይላል። እትዬ ካርዱን አይተው፣ ‹‹አሁን ካፒቴን ሆንሽ ማለት ነው?›› አሉኝ። አይደለም አልኳቸው፤ ምን እንደሆነ ለመናገር ግን አፌን ያዘኝ። ቦሌ ስመለስ ማኪያቶ ጠረጴዛ ላይ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ ‹‹ስንት ሜትር ወረድሽ?›› ነው።

ስሙ ያሳስታል። ፓዲ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ በተቋቋመው የጠላቂዎች ማሰልጠኛ ድርጅት አሠራር፣ ማስተር ስኩባ ዳይቨር ለደስታው ለሚጠልቅ ሰው የመጨረሻው ማዕረግ ነው። ለማዕረጉ ለብቻው የሚወሰድ ፈተና የለም። የመጀመሪያውን ኮርስ፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም የነፍስ አድን ኮርሱን የጨረሰ፣ በአምስት ልዩ ዘርፎች የሰለጠነና ቢያንስ 50 ጊዜ ጠልቆ በመዝገብ ያሰፈረ ሰው አመልክቶ ያገኘዋል። ዕድሜው 12 ዓመት የሆነ ልጅም ሊያገኘው ይችላል። ዳይቭማስተር ከሚባለው ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ዳይቭማስተር የሙያ ደረጃ ነው፤ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ሰው ይመራል፣ ደሞዝ ይበላል። የእኔ ካርድ ማንንም እንዳስተምር፣ ማንንም በገንዘብ እንድመራ አይፈቅድልኝም። ከ40 ሜትር በታችም አያወርደኝም፤ የደስታ ጠላቂ ድንበር እዚያ ላይ ያበቃል። እንግዲህ ስልጣን የለውም፣ ጥልቀት የለውም፣ ደሞዝ የለውም። ታዲያ ምንድነው?

መዋኘት የተማርኩት ጊዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው፤ እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ። ባሕር ያየሁት ዘግይቼ ነው። አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። የዳህላክ ደሴቶች ሉል አውጪዎች ያለ ሲሊንደር በትንፋሻቸው ብቻ ሲጠልቁ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ጣሊያኖች የባሕር ውስጥ ካሜራ ይዘው ዳህላክ የወረዱትም በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ያወጡት ‹‹ሴስቶ ኮንቲኔንቴ›› የተባለ ፊልም በ1954 ታየ። ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበረን። በ1985 ዓ.ም. ጠረፍ አልባ ሆንን። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የቦሌ ልጅ ባሕር ለማየት ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ይህን ለቁጭት አላነሳሁትም፤ የመጀመሪያ ቀን ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ መገልበጥ ሲያቅተኝ ደረቴን የያዘኝ ምን እንደነበር ለመግለጽ ነው። አብረውኝ ጀልባው ላይ ለነበሩት ፈረንሳውያን ከዳቦ ጋር ያደጉበት ውሃ ነው። ለእኔ የጂኦግራፊ ደብተር ላይ በሰማያዊ እርሳስ የቀባሁት ነገር ነበር።

የጥልቅ ውሃ ስልጠና ስወስድ፣ 27ኛው ዳይቬ ላይ፣ ከሙሻ ደሴት ወዲያ ባለ ተዳፋት 34 ሜትር ወረድኩ። ሳቅ መጣብኝ። መለኪያዬን አየሁት፤ 90 ባር ይላል። ቁጥሩን አነብበዋለሁ፣ ትርጉሙ ግን የለም፤ ደስ የሚል ቁጥር መሰለኝ። ዜሮ የሚመስሉትን ሁለት ክቦች እያየሁ አሁንም አሁንም ሳቅሁ። ጥልቀቱ አየር አስጨራሽ ነው፤ እዚያ የሚሳብ አንድ ትንፋሽ ከላይ ከሚሳበው ከአራት እጥፍ በላይ ከሲሊንደሩ ይቀንሳል። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ዓይኔን በማስኩ አሳልፎ አየኝ፣ የአየር ጃኬቴን ትከሻ ላይ ጨብጦ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ። 25 ሜትር ላይ ስንደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት የበራ ያህል ሁሉም ነገር ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እየሰማን ስናድግ ስለ ወንዝ ይመስለን ነበር። ከ30 ሜትር በታች ናይትሮጅን እንደ ጠጅ ራስ ላይ ይወጣል። ሰውየው መስከሩን አያውቅም፤ እንዲያውም በዕድሜው ብልህ የሆነበት ሰዓት ይመስለዋል። ማስተር የተባለ ሰው ከዚህ ነጻ አይደለም። ልዩነቱ አስቀድሞ ‹‹ዛሬ እሰክራለሁ›› ብሎ መውረዱ ነው፤ ለጓደኛውም ‹‹ስስቅ ካየኸኝ አውጣኝ›› ብሎ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ዝም ብሎ መቆም ነው። ከውሃው ወለልም ከውሃው ፊትም ርቆ፣ ገመድ ሳይዙ፣ እጅ ሳያወናጭፉ፣ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት። ጀማሪ ሰው እንደ ዶሮ ክንፉን ያራግባል፤ እኔም 30 ዳይቭ ድረስ ስንቱን አሸዋ አድፈረስኩ። አሁን ሳንባዬ መሪዬ ነው። ረጅም ትንፋሽ ስስብ አንድ ክንድ ከፍ እላለሁ፣ ሳወጣው ዝቅ። ወደ ላይ ስመለስ በደቂቃ ከ9 ሜትር አልፈጥንም። የድሮ ጠላቂዎች ‹‹ከትንሿ አረፋህ አትቅደም›› ይሉ ነበር፤ ኮምፒውተሬ ከመንጫጫቱ በፊት እኔም አረፋዬን አያለሁ። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ እቆማለሁ። ሦስት ደቂቃ ከላይ ብርሃን እያዩ፣ የጀልባውን ሆድ እያዩ አለመውጣት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱ የቆመ መስሎኝ ነበር። አሁን ቅዳሴ ላይ እንደመቆም ነው፤ እግር ይለምደዋል።

ሰው ጅቡቲ የሚመጣው ለዌል ሻርክ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ለዚያ ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ጠረፍ አጠገብ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ፣ ሚኒባስ የሚያህሉ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፣ በጨለማ ጨርቅ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። አፋቸውን እንደ በር ከፍተው ውሃው ፊት ላይ ያለውን ደቃቅ ፍጥረታት ይውጣሉ፤ ሰው አይነኩም። የሚመገቡት ከላይ ስለሆነ ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፣ ማስክ አድርጎ መዋኘት የሚችል ሁሉ ያያቸዋል። ማዕረግ የሌለው ሰው ከእኔ እኩል አየ። ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ነፍስ አድን ኮርሱ ልመለስ፤ የ‹‹ታዲያ ምንድነው?›› መልስ ያለው እዚያ ነውና።

እስከዚያ ድረስ ያለው ስልጠና ሁሉ ስለራስ ነው። የራሴ አየር፣ የራሴ ጆሮ፣ የራሴ ጥልቀት። የነፍስ አድን ኮርሱ ላይ ዓይን ከራስ መለኪያ ላይ ይነሳል። መጀመሪያ የሚያስተምሩት መቆምን ነው፤ ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ አስቢ፣ ከዚያ አድርጊ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ? አረፋ የሚጨብጥ ሰው አጠገቡ የደረሰውን ሰው ምን ያደርገዋል? ትከሻው ላይ ይወጣበታል፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠላቂዋ እጁ ከማይደርስበት ላይ ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ጃኬቱን በአየር እንዲሞላ ትነግረዋለች፤ ተንሳፋፊ ነገር ትሰጠዋለች። አይሰማም ካለ በስተኋላው ዞራ ሲሊንደሩን ትይዛለች። ከያዛት ደግሞ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የደነገጠ ሰው ወደ ታች ተከትሎ አይመጣም፣ ይለቅቃታል። ይህን ያህል ጨካኝ የሚመስል ደግነት ሌላ ቦታ ተምሬ አላውቅም።

ሁለተኛው ራሱን የሳተ ሰው ነው። አስተማሪዬ 7 ሜትር ላይ አሸዋው ላይ ተኛልኝ። መተንፈሻውን በአፉ ላይ እንደያዝኩ፣ አንገቱን አቅንቼ፣ በእርሱ ጃኬት አየር እየተቆጣጠርኩ አወጣሁት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከላይ ስንደርስ ነው ሥራው። ጃኬቱን መንፋት፣ የእርሳስ ክብደቱን መጣል፣ ማስኩን ማውለቅ፣ አገጩን ቀና ማድረግ፣ ትንፋሽ መኖሩን ማየት። ከዚያ በየአምስት ሰከንዱ አንድ እስትንፋስ እየሰጡ ወደ ጀልባው መጎተት፤ እየጎተቱም በእስትንፋሶቹ መካከል ዕቃውን አንድ በአንድ ከላዩ ላይ መፍታት። ሌሎቹ በፈረንሳይኛ ይቆጥራሉ። እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እስትንፋስ፤ አንድ፣ ሁለት። ቀኝ እጄ መቆለፊያ ሲፈታ ግራ እጄ ማጅራቱ ሥር ነው። ፀጉሩ ጨው ሆኗል፤ የራስ ቅሉ ክብደት መዳፌ ላይ ይሰማኛል፣ ልክ እንደ ሕፃን። አንዷን ቀበቶ ለመፍታት ስቸኩል መዳፌ ዝቅ አለ፣ ማዕበሉ ፊቱን ሸፈነው።

ዓይኑን ከፈተና፣ ‹‹ሞቷል›› አለኝ። እንደገና ወረደ።

ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ላይ ሞተ። ችግሩ ዕቃውን መፍታት አለመቻሌ አልነበረም፤ ቶሎ ለመጨረስ መፈለጌ ነው። ሰባተኛው ላይ አንድም ጠብታ ፊቱን ሳይነካ ጀልባው ሥር አደረስኩት። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ በባሕር ውስጥ ለቅሶ አይታወቅም።

ያለቀስኩት ለድካሙ አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን ሜዲትራኒያን ላይ ወደቀ። 90 ሰው ነበረበት። ብዙዎቹ ሊባኖሳውያን፣ ከእኛ ወገን ደግሞ የበረራ ሠራተኞቹና ሊባኖስ ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችን። ቦሌ የአየር መንገዱ ሠፈር ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ዩኒፎርም ለብሶ በሌሊት የሚወጣ ጎረቤት የሌለው የለም። ያን ሰሞን ሠፈራችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ አስከሬን ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጥን። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ምን ዓይነት እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል፤ ሰዉ ደረቱን ለመምታት እንኳ ያመነታል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሊባኖስ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ከ45 ሜትር ጥልቀት መቅረጫ ሳጥኑን እንዳወጡ በዜና ተነገረ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አዛውንት፣ ‹‹ለመሆኑ እዚያ ድረስ የሚወርደው ማነው? ሰው ነው?›› ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ጥያቄው ግን ከኔ ጋር ቀረ።

ከዚያም በፊት የኮሞሮሱ አደጋ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የበረራ ቁጥር 961 ነዳጁ አልቆ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ባሕሩ ላይ፣ ከጠረፉ አጠገብ አሳረፈው። 175 ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ 125 ሞተ። ከጠረፉ በጀልባና በዋና የደረሱት የደሴቲቱ ሰዎችና ለእረፍት የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ ጠላቂዎችና ሐኪሞች ነበሩበት። የቦሌ ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ነው የሚያድገው። እኔ ግን ከሰለጠንኩ በኋላ ነው አንዱ ነገር የቆረጠኝ። ከሞቱት በርካቶቹ ያለቁት የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለነፉት ነው። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፣ ወደ በሩ መጥለቅ አቃታቸው። አየር ያለቦታውና ያለጊዜው ሲሆን እንዲህ ነው። አሁን አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ ‹‹ከወጡ በኋላ ይንፉ›› ስትል ዓይኔን ከስልኬ ላይ አነሳለሁ።

ከአምስቱ ዘርፎች የመጨረሻ ያደረግኩት ፍለጋና ማውጣትን ነው፤ ዛሬ ጠዋት የጨረስኩትም እሱን ነው። ጄሪካን ውስጥ እርሳስ ተሞልቶ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ተጣለልኝ። ሦስት ሜትር እንኳ አያሳይም። መጀመሪያ በኮምፓስ፣ ማሳ እንደሚያርስ በሬ ሄድ መለስ እያልኩ ፈለግኩ። አጣሁት። ከዚያ ገመድ ወለሉ ላይ አስሬ፣ ጫፉን ይዤ ዙሪያውን ዞርኩ፤ አንድ ዙር በጨረስኩ ቁጥር ገመዱን አስረዝማለሁ። አራተኛው ዙር ላይ ገመዱ የሆነ ነገር ነካና ተያዘ። በእጄ ዳበስኩት። የማንሻ ከረጢቱን አሰርኩበትና ከሁለተኛው መተንፈሻዬ ትንሽ ትንሽ አየር ለቀቅኩበት። ይህም ያው ሃይላንዱ ነው፤ ከረጢቱ ከፍ ባለ ቁጥር በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ በአንድ ጊዜ የሞላ ከረጢት እንደ ጥይት ይወጣና ከላይ ተገልብጦ ጭነቱን ጭንቅላት ላይ ይመልሰዋል። ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍለጋ የባሕር ኃይልና የፖሊስ ጠላቂዎች ሥራ ነው፤ ካርዴ እዚያ አያደርሰኝም። ገመዱ ሲያዝ ግን እጄ የጠበቀው ጄሪካን አልነበረም።

ጀልባው ላይ ስወጣ ካፒቴኑ ሻይ አቀበለኝ። የታጁራ አፋር ነው፤ አማርኛውን የለመደው ከሹፌሮቻችን ጋር ነው።

‹‹እህቴ፣ አገኘሽው?›› አለኝ።

‹‹አገኘሁት።››

‹‹ጎበዝ። እኛ መጥለቅ አናውቅም። እኛ የምናወጣው ከላይ ነው›› አለና በሰሜን በኩል፣ ወደ ኦቦክ፣ በአገጩ አሳየኝ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ኦቦክ ወደ የመን የሚሻገር ሰው ጀልባ የሚጠብቅበት ጠረፍ ነው። በዚያ መንገድ የሚጓዘው አብዛኛው የእኛ አገር ሰው ነው፤ ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ፣ ከትግራይ ተነስቶ በእግሩ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ። ጥር 2011 ዓ.ም. ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው ሞተ። መስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከየመን የሚመለሱ ሰዎችን ደላሎቹ ጠረፍ ሳይደርሱ ባሕር ውስጥ እንዲዘሉ አስገደዱአቸው፤ ቢያንስ 45 ሰው ሞተ። እዚያ ቦታ ውሃው ጥልቅ ስለሆነ አይደለም። ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁለት ሜትር ውሃ ይበቃዋል። አፉን ዘግቶ በጀርባው መንሳፈፍን፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሰማይ ማየትን ያስተማረው ቢኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። እኔ ይህንን ጊዮን ገንዳ ውስጥ በግማሽ ቀን ተማርኩ።

እንግዲህ ማኪያቶው ጠረጴዛ ላይ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህን ነው። ስንት ሜትር እንደወረድኩ አልናገርም። ከመዳፌ ላይ ሰው አልወደቀም እላለሁ፤ ሰባተኛው ላይ።

እትዬ ከኩሽና ወጡ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሽሮና ምስር ነው ያለው። ይህች ከተማ ዓሣ ሞልቶባታል፣ እዚያ ማዶ ገበያው ላይ ቱና እንደ ማገዶ ተቆልሎ ይሸጣል። በእትዬ ቤት ግን ዓሣ አይገባም። መጀመሪያ ለጾሙ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ነው የነገሩኝ፤ ከጎዶሪያው ጊዜ ጀምሮ ነው። ‹‹ምን በልቶ እንዳደረ አላውቅማ›› አሉኝ፤ ስለ ዓሣው ነው። ታናሽ ወንድማቸው በዚያው መንገድ አልፏል። እርሱ ደርሷል፤ ሪያድ ነው፣ ይደውላል። ዓሣ ግን ያው አልተመለሰም።

‹‹ልጄ፣ ዛሬ አትሄጂም ወደ ባሕሩ?›› አሉኝ።

‹‹መጥለቅ አልችልም እትዬ። ነገ ዳገት እወጣለሁ።››

‹‹መጥለቅ ማን አለሽ። እስከ ጉልበት።››

እዚህ ከተማ 22 ዓመት ኖረዋል። እግራቸውን ነክረው አያውቁም።

ፀሐይ ሲበርድ ሄድን። ከከተማው ዳር ውሃው ሩቅ ድረስ አይጠልቅም፤ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ፣ ሻሻቸውን አልፈቱም። ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ቆሙ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ወገባቸው ድረስ ሄዱ። ውሃው ገና ሙቅ ነው።

‹‹ወደ ኋላዎ ይደገፉ›› አልኳቸው።

‹‹በምን ላይ?››

‹‹በእጄ።››

ሁለት ጊዜ ሞክረው ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ እግራቸው ከአሸዋው ለቀቀ። መዳፌን ማጅራታቸው ሥር አደረግኩ፤ የሻሹ ጫፍ ርሶ ክንዴ ላይ ተጠቀለለ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር አልሰማሁም። ትንሽ ማዕበል መጣ። መዳፌን ከፍ አደረግኩት።

‹‹እንዳትለቂኝ›› አሉ።

‹‹አለሁ እትዬ። ይተንፍሱ።››